የሁለት በመቶው ባለቤት

በ2014 ዓ.ም. ክረምት በተደረገ የእድራችን ስብሰባ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አንጠልጥላ ገባችና ከሰብሳቢው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። አብዛኞቻችን ለለቅሶ ቤት የሚሄድ እርዳታ መስሎን ነበር። ተራዋ እስኪደርስ በዝምታ ከቆየች በኋላ ግን ተነሥታ፣ «ይህን ዘይት የገዛሁት እናንተ ከተዋዋላችሁበት ሱቅ ነው፤ ቤቴ በር ላይ ካለችው ኪዮስክ በሠላሳ አምስት ብር ይበልጣል። ባለሱቁ ለአረጋውያኑ የሚሰጠው ሁለት በመቶ ነው ብላችሁናል፤ ያ ማለት አሥራ ስምንት ብር ነው። ታዲያ የሰጠው ማን ነው? እሱ ነው ወይስ እኔ?» ብላ ጠየቀች። ውሉን ያረቀቅሁት፣ በእድሩ ስም የፈረምኩት፣ «ከኪሳችሁ ምንም ሳይወጣ አረጋውያንን ትረዳላችሁ» እያልኩ ሰውን ያግባባሁትም እኔ የእድሩ ሒሳብ ያዥ ስለነበርኩ መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም።

እድራችን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኞች፣ መምህራን፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ እናቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፈናል። በከተማችን ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ሰብስቦ የሚንከባከብ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ እዚህም አልጠቅሰውም። በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ ወደ እድራችን መጥተው ዓመታዊ መዋጮ እንድንጀምርላቸው ጠየቁን። ጥያቄው የተገባ ቢሆንም ሰዉ መዋጮ ሰልችቶት ነበር። የእድሩ ወርሃዊ ክፍያ፣ የትምህርት ቤት ማሠሪያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ እድሳት፣ የህዳሴ ግድብ ቦንድና በ8100 የሚላከው አጭር መልእክት ሁሉም የሚነሡት ከአንዲት ደመወዝ ላይ ነበር። ስለዚህ አዲስ ክፍያ ከመጠየቅ ይልቅ ሰው ወትሮም ከሚያወጣው ወጪ ላይ የሚገኝ ነገር ብንፈልግስ የሚል ሐሳብ አነሳሁ። ከሁሉም ቤት በየወሩ ሳይቀር የሚወጣ ወጪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ አስቤዛ።

ሐሳቡን ያገኘሁት በአሜሪካ ከምትኖረው እህቴ ነው። አማዞን የተባለው ግዙፍ የበይነ መረብ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2013 አማዞን ስማይል የሚል አሠራር ጀምሮ ነበር፤ ገዢው የሚወደውን በጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ጊዜ ከመረጠ በኋላ ከሚገዛው ዕቃ ዋጋ ላይ ግማሽ በመቶውን ኩባንያው ለዚያ ድርጅት ያስተላልፍለት ነበር። እህቴ ለልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር በዚህ መንገድ ትረዳ እንደነበርና ከኪሷ አንዲት ሳንቲም ተጨማሪ እንዳላወጣች ነገረችኝ። ነገሩ ከዚያም በፊት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለው የክፍያ ካርድ ኩባንያ በኒው ዮርክ የሚገኘውን የነጻነት ሐውልት ለማሳደስ፣ ደንበኞቹ ካርዳቸውን በተጠቀሙ ቁጥር አንድ ሳንቲም፣ አዲስ ካርድ ባወጡ ቁጥር ደግሞ አንድ ዶላር ለማዋጣት ቃል ገብቶ 1.7 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። ጄኔራል ሚልስ የተባለው የምግብ አምራች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በቁርስ እህል ካርቶኖቹ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት እያተመ፣ ቤተሰቦች ምልክቷን በመቀስ ቆርጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲሰጡና ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዷ አሥር ሳንቲም እንዲያገኝ አደረገ።

እነዚህን ሁሉ ስሰማ ያየሁት የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻ ነበር። ካርድ ሻጩ ካርዱ ይበልጥ እንደተሠራበት፣ እህል ሻጩ እናቶች ከሌላው ካርቶን የእሱን መርጠው እንዳነሱለት ልብ አላልኩም። ነጋዴ ደግ አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ ደግነቱ ግን ከንግዱ ተነጥሎ የሚቆም አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሒሳብ ያዥ እንደ እኔ በዘይት ጀሪካን ፊት ቃል ያጥረዋል።

የመጀመሪያው ውላችን እንዲህ ነበር። በሰፈራችን አቅራቢያ የሚገኝ አንድ መካከለኛ ሱቅ፣ የእድራችን አባላት ከሚገዙት ዕቃ ዋጋ ላይ ሁለት በመቶውን በየሦስት ወሩ ለአረጋውያኑ ማኅበር ገቢ ሊያደርግ ተስማማ። ሠላሳ አንድ ቤቶች ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ አንድ ቤት ለወር አስቤዛ በአማካይ 3,500 ብር ያወጣል ብለን ስለገመትን፣ የሠላሳ አንዱ ቤት ድምር 108,500 ብር፣ ሁለት በመቶው ደግሞ 2,170 ብር ይሆናል ብዬ አሰላሁ። በሦስት ወር 6,510 ብር ማለት ነው። ለአረጋውያኑ የአንድ ወር ሳሙናና ሽሮ ይሸፍናል ብለን ተደስተን ነበር።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ለማኅበሩ የደረሰው 1,180 ብር ነበር። ሒሳቡን ለማመሳከር ወደ ሱቁ ስሄድ ገንዘብ ተቀባይዋ ከመሳቢያዋ ውስጥ አንድ የዱቤ ደብተር አወጣችልኝ። የደብተሩ የመጨረሻ ሁለት ገጾች ላይ «ለማኅበሩ» የሚል ርዕስ ተጽፎ፣ ከሥሩ በእስክርቢቶ የተሰመሩ ቋሚ ጭረቶች በአምስት በአምስት እየተጣመሩ ተደርድረዋል። ከአንዳንዱ ጭረት ጎን ቁጥር አለ፤ ከአብዛኛው ጎን የለም። ገዢው ሒሳብ ሲከፍል «ለማኅበሩ ጻፊልኝ» ብሎ ካልተናገረ እንደማይጻፍለት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ልጅ አዝሎ፣ ፌስታል በሁለት እጁ ይዞ፣ ከኋላው ሰው እየገፋው ይህን ማስታወስ አይችልም። ልጆች ሲላኩማ ጨርሶ የሚናገር የለም። ከዚህም ሌላ ዘይትና ስኳር ትርፋቸው ስስ ስለሆነ ባለሱቁ ከስሌቱ አውጥቷቸዋል፤ የቀረውንም ያሰላው 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተቀነሰ በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ነው። ታክሱ የመንግሥት ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ትክክል ነው፤ እኔ ግን በግምቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ዘይቱና ስኳሩ እንደሚወጡ ደግሞ ውሉ ላይ አልተጻፈም፤ አለመጻፉ የእኔ ጥፋት ነው።

ቆይቶ የአማዞን አሠራር መጨረሻ ሲሰማ ከእኛው ታሪክ ጋር መመሳሰሉ አስገረመኝ። እዚያም ግዢው የሚቆጠረው ገዢው ለዚሁ በተዘጋጀው መግቢያ ከገባ ብቻ ነበር፤ እዚያም ሁሉም ዕቃ አይታሰብም ነበር። ኩባንያው አሠራሩን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2023 ሲዘጋ የሰጠው ምክንያት ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ድርጅቶች ላይ ተበታትኖ ለእያንዳንዱ በዓመት በአማካይ ከ230 ዶላር በታች ብቻ ይደርሰው ነበር የሚል ነው። ግማሽ በመቶ ማለት ከሁለት መቶ ብር አንድ ብር ነው። እንዲህ ያለ ስስ ነገር ፍሬ የሚሰጠው ብዙ ሰው ለአንድ ዓላማ፣ ሳያቋርጥ፣ ማስታወስ ሳያስፈልገው ሲያደርገው ነው። እኛ ዘንድ ዓላማው አንድ ነበር፤ ሰዉም በቅቶ ነበር፤ ማስታወሱ ነው የጎደለው።

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ዘይቱ በሠላሳ አምስት ብር ተወድዶ ከተሸጠና ከዚያ ላይ አሥራ ስምንቱ ለአረጋውያኑ ከሄደ፣ ሰጪዋ እሷ ናት፤ ባለሱቁ ደግሞ በስሟ ከሰጠው የተረፈውን አሥራ ሰባት ብር በኪሱ አስቀርቷል። ይህ ብቻ አይደለም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ ደረሰኙን በባለሱቁ ስም ሲቆርጥ፣ የገዢዎች ገንዘብ የባለሱቁ ልግስና ሆኖ ይመዘገባል። ሕጉ ላይ ጉድለት የለበትም፤ ለጋስ ነጋዴ መበረታታት አለበት። ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ የሚለውን ሳንወስን ውል መፈረማችን ነው ስሕተቱ። በነገራችን ላይ ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉዳዩን ሳነሳለት፣ «እትዬ፣ እኔ የመሰለኝ እናንተ ደንበኛ ልታመጡልኝ፣ እኔ ደግሞ ውለታውን ልመልስ ነው» አለኝ። እሱ ያየው የንግድ ውል ነበር፤ እኔ ያየሁት ምጽዋት ነበር። በሰላም ተለያየን፤ ዛሬም ሻማና ክብሪት ከእሱ እገዛለሁ።

ለጥያቄው መልስ ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት የእድራችን አባል፣ በሥራ ዘመናቸው የሠራተኞች ሸማቾች ማኅበር ውስጥ አገልግለው ስለነበር፣ «ሱቁ የእኛ ቢሆን ትርፉ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ የሮችዴልን ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1844 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሮችዴል በምትባል የሽመና ከተማ፣ ሃያ ስምንት ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ የሚሸጥባት አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዕቃውን ከገበያው ዋጋ አርክሰው አልሸጡም፤ ሌላው በሚሸጥበት ዋጋ፣ በእጅ በእጅ፣ በትክክለኛ ሚዛንና ባዕድ ነገር ሳይቀላቀልበት ሸጡ። የተገኘውን ትርፍ ግን ለእያንዳንዱ አባል በገዛው ልክ መለሱለት። ኋላም ከትርፉ ላይ ሁለት ተኩል በመቶውን ለትምህርት መደቡ። ትርፉ አስቀድሞ የገዢው መሆኑ ስለታወቀ፣ ከዚያ ላይ ለበጎ ነገር ሲሰጥ ሰጪው ማን እንደሆነ አያከራክርም። ለማኅበረሰብ ማሰብ የሚለው ሐሳብ በዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርሆዎች ውስጥ ሰባተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጨመር፣ ሸማኔዎቹ ይህን መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነን ለመመዝገብ አስበን ነበር። ለሠላሳ አንድ ቤት ግን መጋዘን፣ ቅጥር ሠራተኛና ኦዲተር ማቆም ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ስለዚህ ቀለል ያለ መንገድ መረጥን። ሱቅ አልከፈትንም፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ አብረን እንሸምታለን። ሁሉም ቤት የሚፈልገውን በቅድሚያ ያስመዘግባል፤ ገንዘቡንም በሰፈራችን ችርቻሮ ዋጋ አስልቶ በቅድሚያ ይከፍላል፤ እኛ ደግሞ ጤፉን ከእህል በረንዳ በኩንታል፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ከአከፋፋይ በካርቶን እንገዛለን። በጅምላውና በችርቻሮው መካከል ያለው ልዩነት የአባላቱ ነው፤ አባላቱም ለአረጋውያኑ እንዲሄድ በቃለ ጉባኤ ፈርመዋል። መፈረም ያልፈለጉ ሁለት ቤቶች ልዩነታቸው በየወሩ ይመለስላቸው ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም። አንዳቸው ኋላ ላይ ራሳቸው ፈረሙ፤ ሁለተኛው ከተማ ለቀው ሲሄዱ በቦታቸው ሌላ ቤት ገባ።

ባለፈው ወር የነበረውን ሒሳብ ብነግራችሁ አሠራሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሠላሳ አንዱም ቤት ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ስላዘዘ በጠቅላላው ሰባት ኩንታል ከሰባ አምስት ኪሎ ገዛን። በኪሎ የስድስት ብር ልዩነት ስለተገኘ ከጤፉ 4,650 ብር ተረፈ። ከእያንዳንዱ የዘይት ጀሪካን ሠላሳ ብር ሲተርፍ ከሠላሳ አንዱ 930 ብር፣ ከሳሙና፣ ከስኳር፣ ከፓስታና ከላርጎ ደግሞ 1,420 ብር ተገኘ። ድምሩ 7,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለጭነትና ለወዛደር 1,100 ብር ተቀንሶ 5,900 ብር ለማኅበሩ ገባ። የወሩ ጠቅላላ ሸመታ 186,000 ብር ስለነበር ከመቶ ብር ሦስት ብር ከአሥራ ሰባት ሳንቲም ማለት ነው፤ ከሁለት በመቶው ይበልጣል፤ አባሉም ኪዮስኩ ከሚያስከፍለው በላይ አንድ ብር አልከፈለም።

በወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል የሚመስለው ነገር ጤፉ በሚከፋፈልበት ቀን ላብ ያስወጣል። ክፍፍሉ የሚደረገው በአንድ አባላችን ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ሸራ ይነጠፋል፤ የመጀመሪያው ጆንያ አፉ ሲፈታ ቀጭን ነጭ አቧራ ተነሥቶ የሚያፍሱትን ሴቶች ቅንድብና ነጠላ ያለብሳል። አንዷ በሣህን እየዘገነች ታፈሳለች፤ ሌላዋ የሚዛኑን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ከስሙ ትይዩ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሒሳቡ እየጎደለ ግራ ያጋባን ነበር። አንድ ኩንታል ተብሎ የተገዛ ጤፍ በሃያ አምስት ኪሎ ሲከፋፈል አራተኛው ሰው ዘንድ እስከ አንድ ኪሎ ይጎድላል። ከፊሉ ሣህኑ ከንፈር ላይና ሸራው ላይ የሚቀር ነው፤ ከፊሉ የጆንያው የራሱ ክብደት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ እጅ ትንሽ ስለሚጨምር ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሲመዝን ጎደሎ አድርጎ መስጠትን ያፍራል። ይህን እፍረት በኪሎ ተምኖ በሒሳብ ውስጥ ማስገባት ነበረብን፤ አሁን ከእያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ «የእጅ» ተብሎ በወጪ ይያዛል።

ሸመታው ወር በወር አንድ ዓይነት አይደለም፤ የጾምና የበዓል ቀን መቁጠሪያ ይገዛዋል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ቅቤና እንቁላል ከዝርዝሩ ይጠፉና ዘይት፣ ሽሮና ምስር በእጥፍ ይታዘዛሉ፤ በረመዳን ደግሞ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዝርዝር በቴምርና በሳምቡሳ ዱቄት ይሞላል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሰሞን ስለዋሉ የምስር ትእዛዝ ከቀድሞው ሁሉ በልጦ ነበር። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሰው ለዶሮና ለበግ ስለሚቆጥብ አስቤዛው ይቀንሳል፤ ለአረጋውያኑ የሚገባውም አብሮ ይቀንሳል። ማኅበሩ ግን በበዓል ሰሞን ነው ወጪው የሚበዛበት። ስለዚህ ጤፍ ከአውድማ ወጥቶ ዋጋው በሚቀልበት በጥር ወር ከምናገኘው ልዩነት ላይ ጥቂት እያስቀረን ለሚያዝያ እናቆየዋለን።

የማኅበሩ ድርሻ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ትብብር የሁለት ወገን ነገር ነውና። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንዲህ ያለ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራት ቢችልም ትርፉን ለዓላማው እንጂ ለአባላቱ ጥቅም ማዋል አይችልም። እኛ ከዚህ አልፈን አንድ ነገር ጠየቅን፤ ከአስቤዛው የሚገኘው ገንዘብ ለደመወዝም ለቢሮ ኪራይም እንዳይውል። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄያችንን ሰምተው በትሕትና ተቃወሙ። «በሳሙናው ለእማሆይ የምታጥብላቸው ልጅ ደመወዝ ትፈልጋለች፤ ሳሙና ብቻውን አያጥብም» አሉን። አነጋገራቸው ልክ ነበር። ረጂ ሁሉ ገንዘቡ ወደ ዳቦ እንዲለወጥ እንጂ ዳቦውን ለሚያቀርበው ሰው እንዲከፈል አይፈልግም፤ እኔም ከዚህ ነጻ አልነበርኩም። ከገንዘቡ አንድ አምስተኛው ለአጣቢዎቹ ክፍያ እንዲውል ተስማማን።

እነሱ ደግሞ በተራቸው በየወሩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ በእድሩ ስም ደረሰኝ ይቆርጡልናል፤ የተገዛውን ዝርዝር ይልኩልናል። ከምግብ ይልቅ በጣም የሚቸግራቸው የአዋቂ ዳይፐርና የልብስ ሳሙና መሆኑን የተረዳነው ከዚህ ዝርዝር ነው። ሰው ለአረጋውያን ስጦታ ሲያስብ ዳቦና ስኳር ይዞ ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ከሚበላው በላይ ዳቦ ይከማቻል፤ ዳይፐር ይዞ የሚሄድ ግን እምብዛም አይገኝም። ፎቶግራፍን በተመለከተ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክልክል ነው ብለውናል። የመጀመሪያው ባለሱቅ ባነር አሠርቶ፣ አረጋውያኑን በባነሩ ፊት አሰልፎ ሊያስነሣ ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እሺ አላሉም፤ ያን ጊዜ ግትር መስለውኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ አቋማቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ክፍያውን መጀመሪያ ላይ የምንሰበስበው በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ነበር፤ ዝርዝሩም በስልክ የመልእክት ቡድን ይላክ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመልእክት ቡድኑ በአንድ ቀን ዝም አለ። ወደ ወረቀት ተመለስን፤ አንዲት ታዳጊ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ እየዞረች ዝርዝሩን በደብተር ትጽፍ ጀመር። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ጤፍ ከገጠር ስለማይገባ ሸመታው ያልተደረገባቸው ወራትም ነበሩ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ደብተሩን አልተውነውም። ልጅቷ በር ስታንኳኳ ሰው ሳይረሳ ያዝዛል፤ ስልክ ላይ የተላከ መልእክት ግን ከሠርግ ጥሪና ከፖለቲካ ወሬ ሥር ይቀበራል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። የዘይትና የሳሙና ዋጋ ሲንር የሸመታው ጠቅላላ ድምር አደገ፤ ለማኅበሩ የሚገባውም በቁጥር ጨመረ። በወረቀት ላይ ሲታይ እድገት ነው። ማኅበሩ ግን ያንኑ ሳሙና በዚያው በናረ ዋጋ ስለሚገዛ የሳሙናው ብዛት ከቀድሞው አንሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለስብሰባ የማቀርበው ሪፖርት ከብሩ ጎን የሳሙናውንና የዳይፐሩን ብዛት ያሳያል። አንዳንድ አባላት «ብሩ ጨምሯል፤ ምን ያነጋግረናል» ይላሉ፤ የሳሙናውን መስመር ሳነብላቸው ግን ዝም ይላሉ።

የጅምላ ሸመታው ቀላል ያልሆነባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ልክ አይሆንም። የወር አስቤዛ በቅድሚያ ከፍሎ ማዘዝ የሚችለው ወርሃዊ ገቢ ያለው ሰው ነው። ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡት እናቶች ጤፍ የሚገዙት በአምስት ኪሎ፣ ዘይት የሚገዙት በግማሽ ሊትር፣ ገንዘቡ በተገኘ ቀን ነው። ቸርቻሪው ደግሞ ዱቤ ይሰጣቸዋል፤ እኛ ዱቤ አንሰጥም። ከመካከላቸው አንዷ፣ «የእኔን ችግር የሚያውቀው ባለኪዮስኩ ነው፤ እሱን ትቼ እናንተ ጋ ብመጣ በክረምት ማን ያበድረኛል?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ለእነሱ ብለን በየሁለት ሳምንቱ በከፊል ክፍያ የሚያዙበትን መንገድ ሞክረን ነበር፤ አራት ቤቶች ገቡበት፤ ሁለቱ ቀጥለዋል። ኪዮስኮቹን ከገበያ የማስወጣት ሐሳብም ፍላጎትም የለንም። የሠላሳ አንድ ቤት ሸመታ ማንንም ሱቅ አያዘጋም።

ያቺ የዘይት ጀሪካን ይዛ የገባችው ጎረቤቴ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዋጋ ተቆጣጣሪያችን ናት። ማንም አልመረጣትም፤ ራሷ ጀመረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወርዳ በሦስት እህል ሻጮችና በአራት ኪዮስኮች ዋጋ ትጠይቃለች፤ ጀርባው በተቀደደ የተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፤ ለአባላቱ የሚነገረው የችርቻሮ ዋጋ የሚወሰነው በእሷ ደብተር ነው። እኔ ባወጣሁት ዋጋ ላይ ሁለት ጊዜ እርማት አድርጋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበረች።

ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። የዘይት የጅምላ ዋጋ በጀሪካን በአርባ ብር ወርዷል፤ ኪዮስኮቹ ግን ገና በድሮው ዋጋ እየሸጡ ነው። በዚህ ወር ከእያንዳንዱ ጀሪካን የሚተርፈው ከሠላሳ ወደ ሰባ ብር ያድጋል ማለት ነው። እኔ ሳላመነታ «እሰይ፣ ለዳይፐሩ ይሆናል» አልኳት። እሷ ግን እርሳሷን ከጆሮዋ ሥር አውጥታ፣ አባላቱ የፈረሙት ልዩነቱ ሠላሳ ብር በነበረ ጊዜ እንደነበር አስታወሰችኝ፤ አርባው ወደ ቤቶቹ ይመለስ ወይስ ይሰጥ የሚለውንም ሠላሳ አንዱንም ቤት ራሷ እየዞረች ልትጠይቅ ነው። ከእሑዱ ስብሰባ በፊት ትጨርሳለች።